ላይ ላዩን ሰላምታ፣ ታች ታቹን ጥይት

መንግሥታት ሲሰዳደቡ መስማት ለኛ ለኢትዮጵያውያን ብርቅ አይደለም። በ1990 ዓ.ም በባድመ ሰበብ እሳት ሲለኮስ ከመድፉ ጋር አብሮ የተተኮሰው ቃል ነበር። ሁለቱም ወገን በየሬዲዮኑ ያልተባባለው ነገር የለም። በሐምሌ 2010 ደግሞ የሁለቱ አገሮች መሪዎች አስመራ ላይ ተቃቅፈው ጦርነቱ አበቃ ብለው ፈረሙ፣ እኛም እልል አልን። ከጥቅምት 2016 ወዲህ የቀይ ባሕር ነገር በአደባባይ ሲነሳ ግን ያው የድሮው ጠባይ ተመለሰ። ካይሮማ አትነሳ! በግንቦት 2005 ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሙርሲ የአገራቸውን ፖለቲከኞች ሰብስበው ስለ ሕዳሴው ግድብ ሲመክሩ፣ ስብሰባው በቀጥታ በቴሌቪዥን እየተላለፈ መሆኑን ያላወቁ ተሰብሳቢዎች ግድቡን ስለማሰናከልና አማጺ ስለመርዳት ሲዶልቱ ዓለም ቁጭ ብሎ አዳመጣቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኸ ነው።

ይህን ሁሉ ጋዜጣ ገዢው በቃሉ ይዞታል። ዛሬ የማነሳው ግን ድምፅ የሌለውን ጠብ ነው። ድምፅ ስለሌለው ማንም አይጽፍለትም። ማንም ስለማይጽፍለትም የሚሞትበት ሰው ስም የለውም።

ካርታ ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቁልቁል ይውረዱ። ጂንካን ያገኛሉ። ከጂንካ አልፈው ቱርሚ፣ ከቱርሚ ኦሞራቴ፣ ከኦሞራቴ ትንሽ ዝቅ ሲሉ ኬንያ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ ደቡብ ሱዳን። የኦሞ ወንዝ ጉዞውን ጨርሶ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኛው ኦሞ የሚሄድ ነው። በዚህ ድንበር ላይ አዲስ አበባና ናይሮቢ አይሰዳደቡም። ይሳሳቃሉ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው የሚለው ተረት ኦሞራቴ ላይ የተተረተ ይመስላል።

ወዳጅነቱ የማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከሥሩ እንጀምር። አዲስ አበባና ናይሮቢን ያወዳጃቸው የጋራ ጠላት ነው። ሶማሊያ ኦጋዴንንም፣ የኬንያን ሰሜን ምሥራቅም የኔ ነው ስትል ቀዳማዊ ኃይለሥላሴና ጆሞ ኬንያታ በ1956 ዓ.ም የመከላከያ ውል ተዋዋሉ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ከሞስኮ ተጠግተው፣ ዳንኤል አራፕ ሞይ ከምዕራባውያን ተጠግተው፣ በ1971 ወዳጅነታቸውን በፊርማ አደሱ። ርዕዮተ ዓለም የለ፣ ምን የለ! ከዚያ ኢህአዴግ ወረሰው። ከኢህአዴግ ብልጽግና ወረሰው። በመስከረም 2018 ደግሞ የሁለቱ አገሮች የጦር አዛዦች አዲስ የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈራረሙ።

እንግዲህ ይቁጠሩት። ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀ ወዳጅነት ነው። በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው የመንግሥታት ወዳጅነት ሌላ ማን ያሳየናል? ታዲያ ኧረ ለመሆኑ በዚህ ወዳጅነት ሥር የሚኖሩት ዳሰነችና ቱርካና ለምን ይተላለቃሉ? ውሉ ሲታደስ እነሱ ለምን ጥይት ያድሳሉ?

መልሱ ቀላል ነው። ወዳጅነቱ የነሱ ሆኖ አያውቅም። ድንበሩም የነሱ ሆኖ አያውቅም። በ1900 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ ድንበሩን ሲዋዋሉ፣ መስመሩ የተመሠረተው ካፒቴን ሞድ የሚባል እንግሊዛዊ በቀየሰው ላይ ነበር። በ1962 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና ነጻ የወጣችው ኬንያ በድንበሩ ላይ የራሳቸውን ውል ፈረሙ። መስመሩ ሲሰመር ግን የት ሣር እንዳለ፣ የት ኩሬ እንዳለ፣ በድርቅ ጊዜ ከብት በየት በኩል እንደሚያልፍ የጠየቀ የለም። ዳሰነች አብዛኛው እዚህ ኦሞራቴ ዙሪያ ቀረ፣ የቀረው ማዶ ኢለሬት ላይ ኬንያዊ ሆነ። ኛንጋቶም ቋንቋው ከቱርካናና ከደቡብ ሱዳኑ ቶፖሳ ጋር የሚቀራረብ ሕዝብ ሆኖ ሳለ በሦስት ባንዲራ መሐል ተሰነጠረ። ኢሌሚ የሚባለውን መሬት ደግሞ ኬንያ ታስተዳድረዋለች፣ ደቡብ ሱዳን የኔ ነው ትላለች። ከብቱ ግን ካርታ አያነብም። ሣር ባለበት ይሄዳል። ባለቤቱም ጠመንጃውን ይዞ ይከተለዋል።

የጂንካው ንግግር

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም 13ኛው የአርብቶ አደሮች ቀን ጂንካ ላይ ተከበረ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መጡና ንግግር አደረጉ። አካባቢው በኋላ ቀርነት ቢታወቅም የፈጣን ልማት ምሳሌ ይሆናል ብለው ቃል ገቡ። 150 ሺህ ሄክታር የስኳር አገዳ እርሻ እንደሚመጣ አበሰሩ። ግቤ 3ን የሚቃወሙትን የውጭ ሰዎች ደግሞ አርብቶ አደሩ በድህነቱ እንዲኖርና ለቱሪስት መታያ እንዲሆን የሚፈልጉ አድርገው አቀረቧቸው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ንግግሩ ውስጥ እውነት ነበረበት። ማን ይሙት፣ የሙርሲን ሴት ከንፈር ፎቶ አንስቶ፣ ጥቂት ብር ወርውሮ፣ ማታ ሆቴሉ ገብቶ ቢራውን የሚጠጣ ፈረንጅ የሕዝቡ ጠበቃ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ጂንካ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ አያስፈልጋችሁም የሚል ሰው ወዳጅ አይደለም።

ጉዱ ያለው ከንግግሩ በኋላ በመጣው ነው። ያቺ የፈረንጅ መሳደቢያ ቃል ጂንካ ላይ ቀረችና የኛው ሰው መምቻ ዱላ ሆነች። «ግድቡ ጥሩ ነው፣ ጎርፉስ?» ብሎ የጠየቀ የኦሞ ሰው የኋላ ቀርነት ወዳጅ ተባለ። «አገዳው መልካም፣ ከብታችንስ የት ይሂድ?» ያለ ፀረ ልማት ተባለ። «ስንመክር ለምን አልተጠራንም?» ያለ የኬንያና የኤንጂኦ ተላላኪ ተባለ። በመንግሥታት መሐል የተወረወረ ቃል ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የራስ ዜጋ ግንባር ላይ ነው። ስድቡ ወደ ለንደንና ወደ ናይሮቢ ተተኮሰ፣ የቆሰለው ኦሞራቴ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸ ነው።

ጎርፍ ስል ያልገባው ከተሜ ይኖራልና ላስረዳ። ኦሞ ክረምት ላይ ይሞላል። ሞልቶ ዳር ዳሩን ያጥለቀልቃል። ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ይተዋል። ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራ፣ ሙርሲ፣ ሁሉም እዚያ በረጠበው መሬት ላይ ማሽላውን ይዘራል። ዝናብ ቢቀር እንኳ ደለሉ ያበላዋል። ማዳበሪያ የለ፣ ዕዳ የለ። ጎርፉ ለዚህ ሰው የባንክ ደብተሩ ነው። በርግጥ ይኸው ጎርፍ ይገድላልም። በነሐሴ 1998 ኦሞ በድንገት ሞልቶ ከ360 በላይ የደቡብ ኦሞ ሰዎችን ጨርሷል። ግድቡ ይህን ይገታል የሚለው የመንግሥት ክርክር ባዶ ክርክር አልነበረም።

ግቤ 3 ቁመቱ 243 ሜትር፣ ጉልበቱ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በ2007 ዓ.ም ውሃ መያዝ ጀመረ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ተመረቀ። ሲሠራ የተገባ ቃል ነበር፦ ከግድቡ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እየተለቀቀ የታችኛው ሰው እንደ ጥንቱ ያርሳል። ደብተሩ አይዘጋም ማለት ነው። ዛሬ ጠይቁ። የለመዱት ጎርፍ የለም። ቃሉ በጥናት ሰነድ ውስጥ ታስሮ ቀረ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል የሰማን ሁሉ፣ የኦሞን ልጅም ውሃ እንዲህ ጠማው።

የናይሮቢ ሁለት ፊት

የኛዎቹን ብቻ ወቅሼ ናይሮቢን ባልፍ እበድላለሁ። ናይሮቢ ምን አደረገች? ግንባታው በተጀመረበት ሰሞን መብራት እገዛለሁ ብላ ተስማማች። ቱርካናዎች ግን ጮኹ። ከነሱ መሐል ኢካል አንጀሌይ የተባለችው ሴት እስከ አበዳሪዎቹ ደጃፍ ድረስ ሄዳ ተሟገተች፣ በ2004 ዓ.ም ጎልድማን የተባለውን ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አገኘች። የኬንያ ፓርላማም በ2003 ክረምት መንግሥቱ ስለ ግድቡ ከኢትዮጵያ ነጻ ጥናት እንዲጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም የቱርካና ሐይቅ ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባቸው።

የናይሮቢ መንግሥትስ? በአንድ አፉ ፓርላማው ይጮኻል፣ በሌላ አፉ ሚኒስትሩ ይፈርማል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመር ተዘረጋ። በኅዳር 2015 ኬንያ 200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀመረች። እሰየው! ንግድ ጥሩ ነው፣ መብራትም ጥሩ ነው። ነገር ግን ቱርካናው የጮኸበት ኮረንቲ በላዩ አልፎ ናይሮቢን ሲያበራ፣ ዳሰነችም ጎርፉን የከፈለበት ኮረንቲ በሩቅ አልፎት ሲሄድ፣ ለሁለቱም ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነባቸው። የተሰዳደቡት መንግሥታት ሒሳብ ተወራርደው ተጨባበጡ። ያልተጨባበጡት በስማቸው ስድብ የተወረወረባቸው ሁለቱ ሕዝቦች ናቸው።

ትንቢቱ ሁሉ ሲከሽፍ

አሁን ደግሞ የሚያስቀውንና የሚያስለቅሰውን ላንሳ። በክርክሩ ዘመን ተቃዋሚዎቹ የቱርካና ሐይቅ እንደ አራል ባሕር ይደርቃል ይሉ ነበር። የመንግሥት ሰዎች ደግሞ ግድቡ ጎርፍን ለዘለዓለም ያስቀራል ይሉ ነበር። ምን ሆነ? ግድቡ ሲሞላ ሐይቁ ለጥቂት ጊዜ ቀነሰ። ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ ሐይቁ ሽቅብ መጣ። ኬንያ ውስጥ መንደርና የዓሣ ማራገፊያ ዋጠ። በኛ በኩል የዳሰነችን የግጦሽ መሬት አጥለቀለቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቀለ፣ ኦሞራቴን ራሷን እስከማስጋት ደረሰ።

ሐይቁ ይደርቃል ያሉትም፣ ጎርፍ ቀረ ያሉትም ዛሬ ዝም ብለዋል። ይቅርታ ያለ የለም። ለምን ተሳሳቱ? ውሃውን አብሮ የለካ ስላልነበረ ነው። አንዱ የሌላውን ቁጥር አያምንም። አዲስ አበባ የናይሮቢን ጥናት የኤንጂኦ ሴራ ነው ትላለች፣ ናይሮቢ የአዲስ አበባን ጥናት የኮንትራክተር ማስታወቂያ ነው ትላለች። ባለመተማመናቸው መሐል ውሃው የፈለገውን አደረገ።

መዘዙ ደግሞ እዚህ ላይ አያበቃም። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐይቁ ሲሸሽ የኦሞ ደለል ወደ ደቡብ እየገፋ አዲስ መሬት ሠርቶ ነበር። ዳሰነች ደለሉን ተከትሎ ወረደ። የቱርካና ፖለቲከኞች ኢትዮጵያውያን መሬታችንን ያዙ እያሉ ጮኹበት። አሁን ያ መሬት ውሃ ውስጥ ነው። ከብት ያለቀበት፣ እርሻ የቀረበት ዳሰነች መረብ ይዞ ሐይቁ ላይ ወጣ። እዚያ ደግሞ ቱርካናው መረቡን ዘርግቶ አገኘው። ድሮ በሣር፣ ዛሬ በዓሣ።

ቶዶኛንግ ላይ የፈሰሰው ደም

ቶዶኛንግ ድንበሩ ላይ ያለች የኬንያ መንደር ናት። በሚያዝያ 2003 መጨረሻ፣ ከጂንካው ንግግር ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በበቀል ላይ በቀል ሲመላለስ ቆይቶ እዚያ ብዙ ቱርካናዎች ተገደሉ። በየካቲት 2017 ደግሞ እንደገና። ከኬንያ በኩል በመጡ ታጣቂዎች ሦስት የዳሰነች ሰዎች ተገደሉ ተባለ፣ አጸፋው ሐይቁ ላይ ወረደ፣ ከ20 በላይ የቱርካና ዓሣ አስጋሪዎች የገቡበት ጠፋ። ከናይሮቢ ሹማምንት በአውሮፕላን መጡ። ከወዲህ በኩል ያሉት ሹማምንትም እንደ ልማዳቸው ሰላም ኮንፈረንስ ጠሩ። ከሰባት ወር በኋላ አዲሱ የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ!

ቱርካናው የኢትዮጵያ መንግሥት ዳሰነችን አስታጥቆ ይልክብኛል ብሎ ያምናል። ዳሰነች የኬንያ መንግሥት ቱርካናን የፖሊስ ተጠባባቂ ነህ ብሎ ጠመንጃ ያድለዋል ብሎ ያምናል። ሁለቱም የየራሱን መንግሥት ደግሞ አያምንም። አንዱ ወገን መሣሪያ አውርድ ሲባል፣ ማዶ ያለው አልወረደምና ያወረደው ሲገደል ኖሯል። ይህን ያየ ሰው ጠመንጃውን ለምን ይሰጣል? ሹማምንቱ ነገሩን «የጎሳ ግጭት» ብለው ይዘጉታል። የጎሳ ግጭት! ሁለት መንግሥት የሰነጠቀውን ግጦሽ፣ ሁለት መንግሥት የተስማማበትን ግድብ፣ ሁለት መንግሥት ያልጠበቀውን ድንበር ተሸክሞ የሚሞት ሰው የሞተው በጎሳው ነው ይሉናል። ጉድ እኮ ነው!

«ለግብጽ መሣሪያ ይሆናል»

እንደምገምተው አንድ ሹም ይህን አንብቦ እንዲህ ይላል። «አንተ ልጅ፣ የኦሞን ውሃ መረጃ አውጥተን ብንሰጥ ነገ ካይሮ ለአባይም ስጡኝ ትላለች። ጠላት እያደባ ጓዳ አይከፈትም።» ክርክሩ ክብደት አለው፣ ሊመለስለትም ይገባል።

መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ፣ የግብጽና የሱዳን መሪዎች ስለ ሕዳሴው ግድብ የመርሆዎች መግለጫ ፈርመዋል። ውስጡ ምን አለ? ጉልህ ጉዳት አለማድረስ አለ። የመረጃ ልውውጥ አለ። ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም አለ። ይኸ ሁሉ ቃል የተገባው ለማን ነው? ስለ ግድባችን ሴራ ሲዶልት በቴሌቪዥን ለታየው አገር! እንግዲህ ለካይሮ የፈረምነውን ለኦሞራቴ መንፈግ ምን ይባላል? የአስዋን ገበሬ ጉዳት አይደርስብህም የሚል ፊርማ ሲያገኝ፣ ግብር የሚከፍለው፣ መታወቂያው ላይ ኢትዮጵያዊ የሚል የተጻፈበት የዳሰነች ገበሬ ምን አገኘ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በገዛ ወንዙ ላይ ምን ያህል ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ የመጨረሻው ሰሚ እሱ ነው።

ደግሞም ከወዳጅ የሚደበቅ ነገር ከጠላት አይደበቅም። የዛሬ ሳተላይት የግቤ 3ን ውሃ ከሰማይ ያነባል። ካይሮ የምትፈልገውን ታገኛለች። ሳተላይት የሌለው ያው አርብቶ አደሩ ብቻ ነው። እንግዲያውስ ሚስጥሩ የሚጠበቀው ከማን ነው?

ምን ይደረግ?

ወቅሶ መሄድ ቀላል ነውና የሚጠየቀውን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ከግቤ 3 የሚለቀቀው ውሃ መጠኑና ጊዜው በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች በሬዲዮ ይነገር። ኦሞራቴ ሰምታ ትዘጋጅ፣ ሎድዋርም ትስማ። ይህ ኮሚሽን አይፈልግም፣ ስልክና ማይክሮፎን ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል የተባለው ቃል ይፈጸም፣ ካልተፈጸመም ለቀረበት እህል ካሳ ይከፈል። ከኬንያ በሚመጣው የመብራት ሽያጭ ገንዘብ ላይ የታችኛው ኦሞ ድርሻ ይቆረጥ። የከፈለበት እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ መንግሥታት መሣሪያ የሚያስወርዱ ከሆነ በአንድ ቀን፣ በሁለቱም ማዶ ያስወርዱ። ካልቻሉ አንዱን ብቻ ገፍፈው ለሌላው አያጋፍጡ።

አራተኛ፣ የሰላም ኮንፈረንስ ተብሎ ሆቴል ውስጥ የሚበላው አበል ይቁምና የዳሰነች፣ የኛንጋቶም፣ የቱርካናና የቶፖሳ ሽማግሌዎች በሐይቁ ዳር ራሳቸው ይነጋገሩ። ሣርና ውሃ መካፈል ከሚኒስትሮቹ ይልቅ እነሱ ያውቁበታል። ከምኒልክና ከእንግሊዝ በፊትም ሲጣሉና ሲታረቁ ነበር።

አምስተኛ፣ የጠየቀ ዜጋ ሁሉ የጠላት ተላላኪ መባሉ ይቅር። ይኸ ስድብ ከመለስ ለተከታዮቻቸው የተላለፈ ውርስ ሆኗል፣ ሹም ይለወጣል ቃሉ አይለወጥም።

ትልልቆቹ አገሮች በየማይክሮፎኑ ሲፎካከሩ ጋዜጣ ይሸጣል፣ እኛም እንገዛለን። ነገ ካይሮና አዲስ አበባ ታርቀው ሊጨባበጡ ይችላሉ፣ አስመራም እንደገና ልትታቀፍ ትችላለች። እኛ ግን በአንድ ጥያቄ እንለካቸው። ሲታረቁ ማን ተጠራ? አዲስ አበባና ናይሮቢ 60 ዓመት ሙሉ ታርቀው ኖረዋል፣ ዳሰነችና ቱርካና ግን አንድም ቀን በወጉ አልተጠሩም። ያልተጠራ ሰው ባለበት እርቅ ውስጥ ጥይቱ ቦታውን አይለቅም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቴሌቪዥኑ ሁለት ሚኒስትሮች ፈገግ ብለው ሲፈራረሙ ሲያሳየን፣ ካሜራው ትንሽ ዝቅ ይበልልንና ኦሞራቴን ያሳየን። ያኔ የወዳጅነቱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል እናያለን።

ልብ ያለው ልብ ይበል! ቸር ይግጠመን።